የድንበሩን ተራሮች በእግራቸው የለኩት ሐጂ ዐብደላህ ፊልቢ

እ.ኤ.አ. በ1936 በሜይ ወር፣ አዲስ አበባ በጣሊያን ጦር እጅ በወደቀችበት በዚያው ወር፣ አንድ የ51 ዓመት ሰው ከሒጃዝ ተነሥተው በመኪና ወደ ደቡብ አቀኑ። የያዙት ኮምፓስ፣ የአየሩን ግፊት እየለካ የቦታውን ከፍታ የሚያመለክት መሣሪያ፣ ማስታወሻ ደብተርና የመንገድ ስንቅ ነበር። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ከንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ኣል ሱዑድ የተቀበሉት አደራ ነው። ከየመን ጋር አዲስ የተከለለውን ድንበር ተዘዋውረው እንዲያዩና ካርታውን እንዲያነሡ ታዘዋል። መንግሥቱ ድንበር ነበረው፤ የድንበሩ ካርታ ግን አልነበረውም።

እኚህ ሰው በልደት ስማቸው ሃሪ ሴንት ጆን ብሪጀር ፊልቢ፣ በእስልምና ስማቸው ሐጂ ዐብደላህ ፊልቢ ይባላሉ። ስለ እርሳቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ሩብዑል ኻሊን ስላቋረጡበት ጉዞ፣ ስለ ነዳጅ ዘይት ውሉ፣ እንዲሁም ለሶቪየት ኅብረት ሲሰልል ስለ ኖረው ልጃቸው ስለ ኪም ነው። የደቡቡ ተራሮች ጉዞ ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ስም አለው። እኔ ግን በተለይ ለእኛ ለሐበሻ ሙስሊሞች ከሕይወታቸው ሁሉ ይበልጥ ሊታወቅ የሚገባው ይኸኛው ምዕራፍ ነው ባይ ነኝ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ፊልቢ የተወለዱት በ1885 ኤፕሪል 3 ቀን በሲሎን ደሴት፣ በዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ ባዱላ በምትባል ከተማ አቅራቢያ ነው። አባታቸው በዚያ በቡናና በሻይ እርሻ የተሰማሩ እንግሊዛዊ ነበሩ። ልጁ በለንደን በዌስትሚንስተር ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በካምብሪጅ በትሪኒቲ ኮሌጅ ተምረው በ1908 የብሪታንያ ሕንድ አስተዳደር ሹም ሆነው ወደ ላሆር ተላኩ። በፐንጃብ በቆዩባቸው ዓመታት ኡርዱንና ፐንጃቢን አጥንተው ዐረብኛንም ያዙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። ፐንጃብ የሂማላያ ተራሮች ግርጌ ነው። ፊልቢ በሕንድ ሹም በነበሩበት በ1914 ዓመት፣ እንግሊዞች በሙቀቱ ወራት በሚከትሙባት በሲምላ የተደረገ ጉባኤ በብሪታንያ ሕንድና በቲቤት መካከል ድንበር በካርታ ላይ አሰመረ። አብዛኛው ስፍራ በወጉ አልተለካም ነበር፤ ቻይናም መስመሩን አልተቀበለችም። ከመቶ ዓመት በኋላ ዛሬም ሕንድና ቻይና በእነዚያ በበረዶ በተሸፈኑ ሸለቆዎች ጦር አስፍረው ይተያያሉ። ድንበር ስፍራውን ባልረገጠ ሰው እጅ ሲሰመር ምን እንደሚከተል የሚያስረዳ ሌላ ምሳሌ መፈለግ አያሻም። ፊልቢ የዚያ አስተዳደር ፍሬ ናቸው። ኋላ ለሌላ ንጉሥ የሠሩት ሥራ ግን ከዚህ የተለየ ነበር፤ መስመሩን ራሳቸው ሄደው ረገጡት።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፊልቢን ከሕንድ ወደ ባስራ አመጣቸው። ከዚያም በ1917 የብሪታንያ መልእክተኛ ሆነው ወደ ሪያድ ተላኩ። በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ከዑቀይር ወደብ ተነሥተው በሁፉፍ በኩል በግመል ተጉዘው በኖቬምበር መጨረሻ ሪያድ ደረሱ። ያን ጊዜ ሪያድ በጭቃ ቅጥር የተከበበች ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት መንፉሓም ከቅጥሩ ውጭ ለብቻዋ የቆመች የተምር መንደር ነበረች። ፊልቢ ከተማይቱን እየዞሩ የነደፉት ካርታ በ1922 ካሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። የዛሬዋን ሪያድ የሚያውቅ ሰው ያን ገጽ ሲያይ ከተማይቱ በአንድ ሰው ዕድሜ ከምን ተነሥታ የት እንደ ደረሰች ይገባዋል።

በዚያ ጉዞ ከኢማም ዐብዱልዐዚዝ ጋር የጀመሩት ወዳጅነት ሠላሳ ስድስት ዓመት ዘለቀ። ከሪያድ ተነሥተው በጧኢፍ በኩል ጅዳ በመድረስ የዐረቢያን ልሳነ ምድር ከባሕር እስከ ባሕር አቋረጡ፤ ለዚህም የብሪታንያ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር በ1920 ሜዳሊያ ሰጣቸው። ከዚያ በኋላ በዒራቅና በምሥራቅ ዮርዳኖስ ሠሩ። በምሥራቅ ዮርዳኖስ የብሪታንያ ዋና ተወካይ የሆኑት ዝነኛውን ሎሬንስን ተክተው ነው። ነገር ግን መንግሥታቸው ለዐረቦች የገባውን ቃል አጥፏል ብለው ያምኑ ስለ ነበር ከአለቆቻቸው ጋር ሳይስማሙ በ1924 ተለዩ። ጅዳ ገብተው ነጋዴ ሆኑ፤ ከሸቀጦቻቸው አንዱ የፎርድ መኪና ነበር።

በ1930 ኦገስት እስልምናን ተቀበሉ። ዐብደላህ የሚለውን ስም አገኙ፤ ወደ መካ ገብተው ኖሩ፤ በተከታዩ ዓመት ሐጅ አደረጉ። ስለዚህ መስለም የአገራቸው ሰዎች ብዙ ተናግረዋል። ለንግዳቸው ሲሉ ነው ያለ አለ፤ ወደ ንጉሡ መጅሊስ ለመቅረብ ነው ያለም አለ። ያ ለውጥ መንገድ እንደ ከፈተላቸው መካድ አይቻልም። በሸሪዓ ግን የተማርነው በግልጽ በሚታየው ፈርደን የልብን ነገር ለባለቤቱ ለአላህ መተው ነው። በግልጽ የሚታየው ደግሞ ሠላሳ ዓመት እንደ ሙስሊም ኖረው በሙስሊም መቃብር መቀበራቸው ነው። ከዚህ አልፎ መቆፈር ለጸሐፊም ለአንባቢም አይጠቅምም።

ከመስለማቸው በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልለፍ። በ1932 መጀመሪያ ከሁፉፍ ተነሥተው የሩብዑል ኻሊን አሸዋ ዞሩ፤ በማርች ወር ወደ ሱለዪል ወጡ። የጥንቷን የወባርን ከተማ ፍርስራሽ ፍለጋ ሄደው ያገኙት ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የቆፈረውን ጉድጓድ ነበር። በ1933 የነዳጅ ዘይት ውል ሲፈረም የንጉሡ ወዳጅ ሆነው ሳለ ለአሜሪካው ኩባንያ በክፍያ ይሠሩ ነበር። ይህ ንጹሕ ሥራ ነው አልልም፤ ውሉ ለአገሪቱ በጀ እንጂ ሰውየው በሁለት ወገን መቆማቸው አልቀረም።

አሁን ወደ ተራሮቹ እንመለስ።

ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከጂዛን ጀምሮ በዐሲር ከፍታዎች በኩል እስከ ናጅራን ያለው አገር ለዘመናት አንድ ጌታ አልነበረውም። ኦቶማኖች አብሃ ላይ ጦር ቢያሰፍሩም ተራራውን አልገዙትም። እነርሱ ከሄዱ በኋላ ቆላውን የኢድሪሲ ቤተሰብ ያዘ፤ ደጋውን ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ጠቀለሉት፤ የየመኑ ኢማም የሕያ ደግሞ ሁሉም የእኔ ነው አሉ። በ1934 ጦርነት ተነሣ። አሚር ሱዑድ በተራራው፣ አሚር ፈይሰል በባሕር ዳርቻው ዘመቱ፤ የአሚር ፈይሰል ጦር ሁደይዳን ያዘ። ጦርነቱ በሳምንታት ውስጥ አበቃ፤ በ1353 ዓመተ ሒጅራ ሰፈር 6 ቀን፣ ማለት በ1934 ሜይ 20፣ የጧኢፍ ስምምነት ተፈረመ። ንጉሡ በጦር ከያዙት የየመን ዳርቻ ወጡ፤ ኢማሙ ናጅራን፣ ዐሲርና ጂዛን የሳዑዲ መሆናቸውን ተቀበሉ። አሸናፊ የያዘውን ከተማ ለተሸናፊ መልሶ ወንድማማችነት ሲዋዋል ብዙ ጊዜ አይታይም።

ቀጥሎ የሁለቱ ወገን ሰዎች ያሉበት ኮሚሽን ከባሕሩ እስከ ሰር ተራራ ድረስ እየተጓዘ ከ200 በላይ ምልክቶችን በድንጋይ አቆመ። ምልክቱ የሚቆመው በልኬት ብቻ አልነበረም፤ ይህ መንደር የማን ነገድ ነው፣ ያኛው ማሳ የማን ነው እየተባለ ነው። በዚህ ምክንያት መስመሩ ቀጥ ያለ አይደለም፤ በሸንተረርና በሸለቆ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ፊልቢ የተላኩት እነዚህን ምልክቶች ተከትለው የት እንዳሉ በወረቀት ላይ እንዲያሰፍሩ ነበር።

ፊልቢ በቢሻ በኩል አልፈው አብሃ ወጡ። ከሪያድ አሸዋ የመጣ ሰው እዚያ ሲደርስ ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ፣ ጥድ የበቀለበት ገደል፣ ጭጋግና ዝናብ አለ። የዐሲር ሰው የጭቃ ቤቱን ግድግዳ ዝናብ እንዳያጥበው በየእርከኑ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወደ ውጭ እያሾለ ይገነባል። ፊልቢ በነዚህ ከፍታዎች ቆላና ደጋውን ሲለኩ ወፎችንም ይሰበስቡ ነበር። በተራራው ላይ የሚኖር አንድ የቆቅ ዝርያ ዛሬ በሳይንስ መዝገብ በስማቸው ይጠራል፤ አንድ ግንደ ቆርቁር ደግሞ በባለቤታቸው በዶራ ስም። ሁለቱም ወፎች ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ይኖራሉ።

ከደጋው ወርደው ናጅራን ገቡ። ናጅራን በረጅም ወንዝ ሸለቆ ውስጥ የተዘረጋ የተምር አገር ነው። በዚያ የአል ኡኽዱድ ፍርስራሽ አለ፤ በሱረቱል ቡሩጅ የተወሱት፣ በእምነታቸው ምክንያት በእሳት ጉድጓድ የተጣሉት ሰዎች ስፍራ ተብሎ ይታወቃል። ፊልቢ ፍርስራሹን ተዘዋውረው ለኩ፤ በቋጥኝ ላይ የተቀረጹትን ጽሑፎችም ገለበጡ። የዚህ ነገር ፍሬ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ታየ።

ከናጅራን ግን ፊልቢ ቀጥታ ወደ ድንበሩ ሥራ አልሄዱም። ዓይናቸው ወደ ሸብዋ ነበር። ሸብዋ በጥንት ዘመን የሐድረሞት ንጉሦች መናገሻ፣ የዕጣን ንግድ መተላለፊያ ነበረች፤ የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ ስድሳ ቤተ ጣዖት እንዳላት ጽፎላታል። እንግሊዛዊቷ ተጓዥ ፍሬያ ስታርክ ከአንድ ዓመት በፊት ልትደርስባት ሞክራ ሕመም መለሳት። ፊልቢ ደረሱ። ያገኙት ግን በፍርስራሽ መካከል ያለች፣ ጨው የሚቆፈርባት ትንሽ መንደር ነበረች። ከዚያም በሐድረሞት ሸለቆ አልፈው በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ሙከላ ድረስ ወረዱ።

ችግሩ አገሩ በዓደን ባለው የብሪታንያ ጥበቃ ሥር መሆኑ ነው። ፊልቢ ፈቃድ አልጠየቁም፤ የሄዱትም ከታጠቁ የሳዑዲ ሰዎች ጋር ነበር። ጣሊያን ኢትዮጵያን ይዛ በቀይ ባሕር ማዶ በቆመችበት፣ በየመንም ወዳጅ በምትፈልግበት በዚያ ሰዓት የዓደን ሹማምንት ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ትዕግሥት አልነበራቸውም። ንጉሡ ሐድረሞትን ሊጠይቁ ነው ብለው ጠረጠሩ፤ የብሪታንያ መንግሥትም ቅሬታውን ለንጉሡ አቀረበ። ፊልቢ የዕውቀት ጉዞ ነው ብለው ተከራከሩ። ለእውነቱ ሐቀኛ ይመስሉኛል፤ ማንበብና ማየት የማይጠግቡ ሰው ነበሩና። ነገር ግን በእንግድነት የተቀበላቸውን ንጉሥ ለማያስፈልግ ጭቅጭቅ ዳርገዋል። ድንበር የማበጀት አደራ የተሰጠው ሰው የሌላውን ድንበር ሳያስፈቅድ መሻገሩ ጥፋት ነው፤ ይህን ስሕተት የተማረ ሰው ጉጉት ነው ብሎ ማቃለል አይገባም።

ወደ ናጅራን ተመልሰው ዋናውን ሥራ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ከናጅራን ወደ ምዕራብ፣ ከተራራው ጫፍ እስከ ቲሃማ ሜዳ፣ መኪና የሚገባበት መንገድ አልነበረም። በግመል፣ ግመል በማይወጣበት በአህያ፣ አህያ በማይወጣበት በእግር ሄዱ። በያንዳንዱ ምልክት አጠገብ ቆመው አቅጣጫውን በኮምፓስ ያዩ ነበር፤ ከፍታውን ይለካሉ፣ የሸለቆውንና የነገዱን ስም ከአገሬው ጠይቀው ይጽፋሉ። ለእኔ ከሥራቸው ሁሉ የሚልቀው ይህ የስም መጠየቅ ነው። ካርታ የሚያነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለሰው አገር የራሱን ስም ይሰጣል፤ ፊልቢ ግን ባለአገሩ የሚጠራበትን ስም መዘገቡ ይበልጥ አሳሰባቸው።

በመንገዱ ላይ የፈይፋ ተራራ አለ። ከሞቃቱ ቆላ በድንገት ተነሥቶ ወደ 1,800 ሜትር የሚደርስ፣ ከሥር እስከ ጫፍ በእርከን የታረሰ፣ ክብ የድንጋይ ማማ ቤቶች የተተከሉበት፣ ቡና የሚለማበት ተራራ ነው። ሐረርጌን ወይም ኮንሶን ያየ ሰው ፈይፋ ሲወጣ እንግድነት አይሰማውም። ሰዉ የሚናገረው ዐረብኛ እንኳ የሪያድ ሰው በቀላሉ የማይሰማው ነው። በእንዲህ ያለ አገር ድንበር ማለት ለገበሬው ሩቅ የመንግሥት ጉዳይ አይደለም፤ ከብቱን የሚያሰማራበት ሸንተረር፣ እህሉን የሚሸጥበት ሳምንታዊ ገበያ፣ ልጁን የዳረበት መንደር ነው። የመስመሩ አንድ ስሕተት አንድን ቤተሰብ ለሁለት ይከፍላል።

ፊልቢ ጉዞውን ጂዛን ላይ አብቅተው በ1937 መጀመሪያ ተመለሱ። የደቡቡን ተራሮች የሚተርከው ከ700 ገጽ በላይ ያለው መጽሐፋቸው ግን የታተመው በ1952 ነው። በመካከሉ ዓለም ጦርነት ነበር። ፊልቢም ጦርነቱን በመቃወማቸውና በንግግራቸው ምክንያት በ1940 በሕንድ በብሪታንያ ሹማምንት ተይዘው ለወራት በእንግሊዝ አገር ታሰሩ፤ ወደ ዐረቢያ የተመለሱት በ1945 ነው።

መጽሐፉ በታተመበት ወቅት ደግሞ ቀደም ብዬ የጠቆምኩት ነገር ሆነ። በ1951 መጨረሻ የ66 ዓመቱ ፊልቢ ከቤልጂግ ምሁራን ጋር፣ ከጎንዛግ ሪክማንስ፣ ከወንድማቸው ልጅ ከዣክ ሪክማንስና ከፊሊፕ ሊፐንስ ጋር፣ በንጉሡ ድጋፍ ወደ እነዚያው ተራሮች ተመለሱ። ከጅዳ ተነሥተው በጧኢፍና በአብሃ ናጅራን ደርሰው ወደ ሪያድ በተጓዙበት መንገድ ወደ 12,000 የሚደርሱ የድንጋይ ጽሑፎችን መዘገቡ። አብዛኞቹ እረኞችና ነጋዴዎች የጫሩት ስም ነው። ከናጅራን በስተ ሰሜን በሒማ ጉድጓዶች አጠገብ ግን የሒምየሩ ንጉሥ የዙ ኑዋስ የጦር አለቃ በ523 ያስቀረጸው ጽሑፍ አለ። የሐበሻን ሰዎች በዘፋር እንደ ፈጁ፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን እንዳቃጠሉ፣ ናጅራንን እንደ ከበቡ፣ የባሕር ዳርቻውንም ከሐበሻ ጦር ለመከላከል እንዳጠሩ ይናገራል። የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ የዘመተው ይህን ተከትሎ ነው።

ሌላው ጽሑፍ በሙረይጋን ጉድጓድ አጠገብ ያለው ነው። ባለቤቱ አብረሃ ነው፤ ያ በየመን የነገሠው ሐበሻ። በረሕማንና በመሲሑ ስም ጀምሮ በማዕድ ነገዶች ላይ ያደረገውን ዘመቻ ይተርካል፤ ዘመኑም በእኛ አቆጣጠር ሳይሆን በሒምየር 662፣ ማለት በ552 ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህን ከዝሆኑ ዓመት ጋር ለማያያዝ ሞክረዋል። ድንጋዩ ራሱ ግን ስለ መካም ስለ ዝሆንም አይናገርም፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተወለዱበት ዓመት ተብሎ ከሚታወቀው ከ570 አካባቢም ይቀድማል። ሱረቱል ፊል ምስክር ድንጋይ አያስፈልጋትም፤ ስለዚህ ድንጋዩን ያላለውን አናስብለው። የሚናገረው ግን በቂ ነው። አብረሃ የሚባል ሐበሻ ጦር ይዞ በእነዚህ ሸለቆዎች እንዳለፈ በራሱ ትእዛዝ ተጽፎ ይገኛል።

ከወገን የተነሣ ሰው በካዕባ ላይ የዘመተ መሆኑ ለእኛ የሚያስደስት ታሪክ አይደለም። ሰሓባዎችን የተቀበለው ነጃሺም ከዚያው አገር ነው፤ ሁለቱንም አብረን ይዘን እንኖራለን። አንድ የሚያስደንቀኝ ነገር ግን ጽሑፉ የተቀረጸበት ፊደል ነው። የግእዝ ፊደል ከዚያው ከደቡብ ዐረቢያ ፊደል የመጣ ነውና አማርኛ የሚያነብ ሰው የሒማ ቋጥኝ ፊት ቢቆም ትርጉሙ ባይገባውም በ እና ገ እና ዐ የሚመስሉ ቅርጾችን ለይቶ ያያል። ሒማ በ2021 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ በናጅራን ለሥራ የሚኖር ወገን በዕረፍት ቀኑ ሄዶ ሊያየው ይችላል።

ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ በ1953 ኖቬምበር አረፉ። ከዚያ በኋላ ፊልቢ የነዳጅ ዘይቱ ገንዘብ የሚወጣበትን መንገድ በአደባባይ ስለ ነቀፉ በ1955 ከአገር እንዲወጡ ተደረገ፤ ሊባኖስ ኖረው በተከታዩ ዓመት ወደ ሪያድ ተመለሱ። የድንበሩ ጉዳይም ብዙ አለፈበት። ሁለቱ አገሮች በ2000 ጁን 12 ቀን በጅዳ ሲፈራረሙ ከባሕሩ እስከ ሰር ተራራ ያለውን የጧኢፍ መስመር አጸኑት፤ የጠፉት የድንጋይ ምልክቶችም እንደ ገና እንዲተከሉ ተወሰነ።

ፊልቢ በ1960 ሴፕቴምበር 30 ቀን በ75 ዓመታቸው ቤይሩት ውስጥ ሞቱ። ያን ጊዜ በዚያች ከተማ በጋዜጠኝነት ይሠራ የነበረው ልጃቸው ኪም በእስልምና ሥርዓት በባሹራ መቃብር አስቀበራቸው። በመቃብራቸው ላይ ባስቀመጠው ድንጋይ ያስጻፈው የዐረቢያን ምድር የመረመሩ ታላቅ ተጓዥ መሆናቸውን ነው።